ለዛሩኮ ማንታራ ፈጣሪዎች፣ ስለ አንድ ሕፃን ስም

ባሕር ማዶ ተቀምጣችሁ የስልክ ላይ የፍልሚያ ጨዋታ ለምታዘጋጁ የድርጅቱ የበላይ ኃላፊዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ የተሟላ፣ ዓይናችሁም ከሕመም የተጠበቀ እንዲሆን ከቦንጋ ከልብ እመኛለሁ፤ የዓለምን ሕዝብ ሁሉ ስም ማውጣት አድካሚ ሥራ መሆኑ አይጠፋኝምና።

ልጄ ሰሎሜ ወንድ ልጅ ወልዳለች። በቤታችን ለልጅ ልጅ ስም የምታወጣው አያት ስለሆነች፣ እኔም ኢያሱ ብዬዋለሁ። አማቼ እስክንድር ግን በጨዋታችሁ ውስጥ ያለው ብቸኛ ኢትዮጵያዊ ተፋላሚ ዛሩኮ ማንታራ ስለሚባል፣ ልጁም ዛሩኮ ካልተባለ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ክርስትናው የፊታችን እሑድ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ/ ዛሩኮ የሚባል ሰው በቦንጋ ገበያ ጠይቄ አጣሁ። ከሺሺንዳ የመጣች ነጋዴ መድኃኒት መስሏት «ለሆድ ነው ለራስ ምታት?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ፤ ባለሱቋ ጎረቤቴ ጠይባ ደግሞ «እትዬ፣ ሳሙናው ከሆነ አልቋል» ብላ አሰናበተችኝ። የማንም አገር ያልሆነ ስም የሰጣችሁን ማንንም ላለማስቀየም ተጠንቅቃችሁ እንደሆነ በመገመት አመሰግናለሁ።

2ኛ/ ሰሎሜ የተባለችውን ባለ ጎራዴ ከአይስላንድ አምጥታችኋታል። እኔ የበረዶ አገር ሰው መውለዴን ሳላውቅ ልጄን በብርድ ልብስ እያፈንኩ ስላሳደግኳት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

3ኛ/ ዛሩኮ የተወለደበት መንደር አሸዋና ፀሐይ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ዝናቡ አላባራ ብሎ የሕፃኑን ጨርቅ ምድጃ ዳር ስናገላብጥ እንውላለን፤ በስማችን ከመዘገባችሁት ፀሐይ እባካችሁ ጥቂቱን ላኩልን።

4ኛ/ ይህን ለመጻፍ እንኳ አፍራለሁ። የዛሩኮ ሚስት ሊሚያ ማንታራ ትባላለች። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ቢሆንም፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ስሜን ከነአባቴ ነው፤ ሟቹ ባሌም የራሱን አባት ስም ይዞ ነው የኖረው። የሁለቱም አባት ማንታራ ከሆነ፣ የአገራችንን ጀግና ከእህቱ ጋር ድራችሁታል ማለት ነው። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ካልጠራ አንጋባም፤ እናንተ አንድ ቤት እንኳ ሳትቆጥሩ ደገሳችሁ።

ይህን አራተኛውን ትናንት ለእስክንድር እናት ለእትዬ ዙፋን ባነብላቸው፣ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ነጥቀው «እህቱን ያገባ ሰው ስም ለልጅ ልጄ? በቁሜ አይሆንም!» አሉ። እስክንድር በፈረንጅ አገር ሚስት የባሏን ስም እንደምትወስድ ሊያስረዳቸው ቢሞክር፣ «ኢትዮጵያዊ ነው ስትል አልነበር እንዴ?» አሉት።

ስለዚህ የቀረውን ሲመቻችሁ አርሙት፤ አራተኛውን ግን እሑድ እስኪያልፍ ድረስ እንዳትነኩብኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። በዕድሜዬ እንዲህ የጠቀመኝ ስሕተት የለም።

ያላያችሁትን አገር በድፍረት የምትሠሩበት ብርታታችሁ አይጓደልባችሁ እያልኩ፣ ለጥ ብዬ እጅ የምነሣው

ይመኙሻል ሀብተ ማርያም
የኢያሱ እስክንድር አያት
ቦንጋ

ማስታወሻ፦ ድርጅታችሁ ቅሬታ በብዙ ቋንቋ ቢቀበልም አማርኛ እንደሌለበት ሰሎሜ ነግራኛለች። አትቸገሩ፤ ደብዳቤውን ለዛሩኮ ስጡት። ኢትዮጵያዊ ነው ብላችሁ የለ? ያነብላችኋል።