ያልተበላሸችው መኪና

መቱ፣ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን 2017

ለውድ ባለቤቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? አባትሽስ እንዴት ናቸው? ብርዱ ጉልበታቸውን አልያዘባቸውም? ቡናው እንዴት ያዘ፣ ዝናቡ አላረገፈውም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ቆሜ እሄዳለሁ ለማለት ነው እንጂ ሽሮው ያርርብኛል፣ ያረረውን እበላለሁ፣ ከዚያ ከሬዲዮው ጋር እጣላለሁ። ቤት ውስጥ የሚመልስልኝ ሰው ሲጠፋ ዜና አንባቢውን ውሸትህን ነው ማለት ጀምሬያለሁ። ይህን የሚለው ደግሞ ማን ሆነና!

ብደውል እንደማታነሺ አውቃለሁ። ብታነሺም በስልክ መዋሸት ይቀናኛል፤ አፌ ከልቤ ይቀድማል። በጽሑፍ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የጻፍኩትን አልክድም።

ባለፈው እሁድ ሽማግሌ ይዤ ዳሪሙ አባትሽ ቤት እመጣለሁ ብዬ መልእክት ልኬልሽ ነበር። አልመጣሁም። አባትሽ ሰው ጠርተው፣ ደጅ ደጁን እያዩ ውለው እንደሆነ ሳስብ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ። ምን ሆኖ ቀረ ብትዪ፣ መልሴ መኪናዋ ተበላሸች ነው። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ወረቀቱን ቀድደሽ አትጣይው። በእናትሽ ብዬ እንዳልለምንሽ ለዚያ የሚሆን አፍ የለኝም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

መኪናዋ ከሞተሩ ጎን ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረች ቆይታለች። ግድም አልነበረኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሐዘን ቤት ደጅ ሽማግሌ አውርጄ፣ የአባትሽን ግቢ ዘይት በዘይት ሳደርገው ታየኝና አፈርኩ። የሚያፈሰው የካምሻፍቱ ኦይል ሲል ነው፤ ዘይቱን የሚያግድ ትንሽ ቀለበት ጎማ። ጋራዥ ልውሰዳት እንዳልል፣ መቱ ውስጥ እጁን የማምነው ወንድምሽን ገመቺስን ነው፤ እሱ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ሌላ ጋራዥ ብወስዳት፣ አማቹን ትቶ ሌላ ዘንድ ሄደ ተብሎ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። ዕርቅ እየለመንኩ ሌላ ስድብ ልጨምር? ስለዚህ ራሴ ልቀይረው አልኩ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰውዬ በአሥራ አንድ ደቂቃ ሲጨርስ አይቼ ነው። የሥራውን ይስጠው!

ሲሉ ጋ ለመድረስ ታይሚንግ ቺንጋው፣ ጥርሳሙ የጎማ ቀበቶ፣ መውለቅ አለበት። ታችኛውን ክራንክሻፍትና ላይኛውን ካምሻፍት አስማምቶ የሚያዞራቸው እሱ ነው፤ ፒስተኑ ሲወጣ ቫልቮላው ቦታ እንዲለቅለት። ሰውየው ከመፍታቱ በፊት ጥርሶቹ ላይ ነጭ ቀለም ቀብቶ ምልክት አደረገ። እኔ ዓይኔ ያስታውሰዋል አልኩ። ቺንጋው ሲወልቅ ካምሻፍቱ ቀጭ ብሎ በራሱ ዞረ። ሲሉን ግን አሳምሬ ቀየርኩት፤ ዛሬ አንዲት ጠብታ አይወጣም። ቺንጋውን በግምት መልሼ፣ ደስ ብሎኝ እጄን ታጠብኩ።

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ጋሼ ሰይፈ ሚካኤልና ኦቦ ዲንቃ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ማርሚታው ጧ! አለና ጭሱን ተፍቶ ዝም። ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ባትሪ ነው አሉ። ኦቦ ዲንቃ ኦብሲ፣ ታገሥ እንጂ ልጄ፣ አታስጨንቃት አሉኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ግቢያችን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡና፣ ለመሆኑ ይቺ መኪና የሚያማት ዳሪሙ ሲባል ብቻ ነው ወይ አሉኝ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እውነት ተናግሬ፣ እሱም ከውሸቴ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ቀረ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ እንደገና ቁልፉን እየደጋገምኩ በማስነሻው ሞተሪኖ ሳንቋርራት ገመቺስ በአጥራችን በኩል ሲያልፍ ሰማ። ቆመ። አንገቱን እንኳ ወደ ግቢ ሳያስገባ ኢልካን ለማ አለኝ፤ ሁለት ጥርስ ስተሃል ማለቱ ነው። ድምፅ ብቻ ሰምቶ! አሁኑኑ ማስነሳቱን ተው፣ ቫልቮላውን ታጣምመዋለህ፣ በእጅህ ሁለት ዙር ሙሉ ሳታዞር ቁልፍ እንዳትነካ አለኝና መንገዱን ቀጠለ። በስምንት ወር ውስጥ የሰጠኝ ቃል ይኸው ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው አነጋገረኛ!

ማክሰኞ ሁሉንም እንደገና ፈታሁት። ቺንጋው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌጃ ምልክት ከዜሮው ጋር አገጣጠምኩ፣ ካምሻፍቱን ሁለት ጥርስ መልሼ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ላይ ካለው ጭረት ፊት አቆምኩት። ቺንጋውን ስወጥረው አንድ ጥርስ ተንሸራተተ፤ ተሳድቤ ደግሜ ፈታሁ። ረቡዕ ካንዴላዎቹን አውልቄ ወንድምሽ እንዳለኝ በእጄ አዞርኩት፤ ታችኛው ሁለት ሲዞር ላይኛው አንድ ይዞራል። ምንም ሳይነካው ዞሮ ምልክቶቹ ፊት ለፊት ተመልሰው ቆሙ። ካንዴላዎቹን መልሼ ቁልፉን ስነካው ወዲያው ተነሣች። ተነሣች! ብዬ ወደ ቤት ጮህኩ፤ ቤቱ ውስጥ ግን ማንም የለም። ሞተሩ እየሠራ ረጅም ጊዜ ቆሜ አዳመጥኩት። ያኔ ነው ይህን ልጽፍልሽ የቆረጥኩት።

በየካቲቱ፣ እናትሽ ሆስፒታል በነበሩ ጊዜ፣ መኪናዋ አልተበላሸችም ነበር። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ያን እሁድ አልነሣም ያለች መኪና ማክሰኞ ከዳሪሙ ስትመለሺ ቢሮዬ ደጅ ቆማ አይተሻታል፣ ልብስሽን ሸክፈሽ የሄድሽውም ለዚያ ነው። ለምን እንደዋሸሁ ግን አታውቂም።

አርብ ዕለት አንቺ ልብስ ልታመጪ ወደ ቤት ስትሄጂ፣ እናትሽ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ እጄን ያዙኝ። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በመኪናህ ዳሪሙ ውሰደኝ፣ ቤቴ ልሙት አሉኝ። እኔ የወለደችኝን አላውቃትም። ኢልማ ኮ ብሎ የጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። መንገድ ላይ ቢያርፉብኝስ ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ካልወሰድኳቸው የማይሞቱ መሰለኝ፤ ጅል አይደለሁ! መኪናዋ ተበላሽታለች አልኳቸው። ገመቺስ አጠገባችን ነበርና አምጣት ዛሬውኑ እሠራታለሁ አለኝ። ዕቃዋ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው አልኩት። እናትሽ፣ እሺ ልጄ፣ እስክትሠራት እቆያለሁ አሉኝ።

እሁድ ንጋት ላይ አረፉ።

ከዚያ በኋላ በምን አፌ ላስነሣት? አስከሬኑን እኔ ልውሰድ ብል ገመቺስ ፊት ውሸቴ ይወጣል፤ እናቱን ከቤታቸው ያስቀረሁ እኔ መሆኔም ይታወቃል። አስከሬኑን በወሰደው የኪራይ ሚኒባስ ከጎናቸው መቀመጥ ደግሞ አቃተኝ። መኪናዋን ሠርቼ እደርስባችኋለሁ ብያችሁ ደጅ ቆሜ ቀረሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው እያደር ከበደኝ። የአማቱን ቀብር ያልደረሰ ተብዬ መሰደቤ ሲያንሰኝ ነው። ግን ስላልወደድኳቸው አይደለም። በዓለም ላይ የቀረኝ ነገር ቢኖር ይህን እንድታምኚኝ መፈለግ ብቻ ነው። ለገመቺስም ንገሪው፤ ቢመታኝ እንኳ አልቀየመውም።

መኪናዋን ግቢ ውስጥ ቆልፌ ቁልፏን ለጎረቤታችን ለእትዬ ሽብሬ ሰጥቻለሁ። ድምፅዋ አሁን ይጥማል፤ ዳሪሙ ግን አትመጣም። በሷ ማመካኘት ይብቃኝ። ሽማግሌዎቹንም ዳግም አላስቸገርኩም።

ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ሰው ከመኪና መንገዱ ወርዶ በእግሩ ነው የመጣው፤ ሱሪው ጭቃ በጭቃ ቢሆን አትሳቂበት። ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ግባ ካላላችሁት አይገባም፣ ሂድ ካላችሁትም ይሄዳል። ብቻ ከመሄዱ በፊት አባትሽን አንድ ነገር ለምኚለት፤ የእናትሽን መቃብር ያሳዩት። ስምንት ወር የዘገየ ለቅሶ አለበት።

ለአባትሽ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ያንቺንም እንባ እሱ ያብሰው፣ የእናታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። አሜን።

እስካሁን ካልሻርሽኝ፣
ባለቤትሽ