ነፋስ ክዳኑን የገፈፈ ዕለት

ውድ ኤሊንግ፣

ይህን በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ፊደሎቼ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ቢሄዱ አትሳቅ። ስልሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ መጻፍ ያስተማረችኝ ባለፈው የበረዶ ወራት ቤቴ ክፍል የተከራየችው አስተማሪ ራንዲ ናት።

ታላቅ እኅትህ ማልፍሪድ ሚስትህ እንዳረፈች ነገረችኝ። በርገን ከተማ ካለው የአረጋውያን ቤት ልግባ ወይስ ወደ ደሴታችን ልመለስ እያልክ እንደምታመነታም ሰማሁ። “ኢንገቦር ፊቷን ካላዞረችብኝ እመጣለሁ” ብለሃል አሉ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት የምነግርህ አለ።

ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት በጸሎት ቤቱ የሆነውን የዚያን እሑድ ነገር አንተ በወንዶቹ በኩል ተቀምጠህ ነው ያየኸው። በሴቶቹ በኩል የነበረውን ስማ። ሳምንቱን ሙሉ አሥራ አንድ ሴቶች ጨው የበላውን ዓሣ ድንጋይ ላይ ስናሰጣ፣ ስንገለብጥ፣ ማታ ስንከምር ሰነበትን። ቅዳሜ ክምሮቹን በእንጨት ክዳን ሸፍነን ድንጋይ ጫንንባቸውና ለሰንበት ተጣጠብን። ሽማግሌው ቶሌፍ ስለ ዕረፍት ሲሰብክ ነፋሱ ተነሣ። ክዳኖቹ አለቱ ላይ ሲንከባለሉ ሁላችንም ሰማን፤ አንድም አንገት አልዞረም። ከአጠገቤ ኦሊነ ነበረች፤ ባሏን ባሕር የበላባት፣ አራት ልጅ የምታሳድግ። ዝናቡ ዓሣውን ካገኘው ዓሣውን የሚያሠራን ነጋዴ በእኛ አሳቦ በሚቀጥለው በጋ እንደማይጠራን ታውቃለች። ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ የመዝሙር መጽሐፏን ጨመቀች።

ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ዞሬ አየሁህ። አንተም ሰምተሃል። ጉልበትህን ታይ ነበር። ወጥቼ ክዳኖቹን ለቅሜ ክምሮቹን መልሼ ሸፈንኩ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ቶሌፍ፣ “አንቺ ልጅ፣ አምላክሽ ዓሣ ነው እንዴ?” አለኝ።

“ጋሽ ቶሌፍ፣ በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበትም ይወጣል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።”

“በሬ ነፍስ አለው። ያንቺ ዓሣ ሞቷል።”

“ኦሊነ ግን አልሞተችም።”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በጢሙ ውስጥ ደበቀ። ይህ ግን አላዳነኝም፤ በጸሎት ቤቱ ፊት ቆሜ ይቅርታ እንድጠይቅ ፈረዱብኝ። አንተ ወደ ጀልባ ቤቱ መጥተህ፣ አንድ ቃል ናት በያት፣ ሰርጋችን ደርሷል ብለህ ለመንከኝ። “ትናንት አብረኸኝ ብትነሣ፣ ዛሬ አብሬህ እንበረከክ ነበር” አልኩህ። ቅጠል ሳይረግፍ ደሴቱን ለቀህ ሄድክ።

ከዚያ አንድ ደብዳቤ ላክህልኝ። ለቁርባን ስንማር የጥያቄና መልሱን መጽሐፍ ካንተ ፈጥኜ አነብ ስለነበር፣ ደብዳቤህንም የማነብ መስሎህ ነበር። እኛን ሴቶቹን ግን የታተመውን ፊደል ማንበብ ብቻ ነበር ያስተማሩን። የእጅ ጽሑፍ ለወንድ ልጅ ነው ይባል ነበር። አንተ ረሳኸው፤ እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት አፈርኩ። ለሴቶች ደብዳቤ የምታነበው የቶሌፍ ሚስት ነበረች፤ ያንተን ቃል በእሷ አፍ ከምሰማ ድንጋይ ብቆረጥም ይሻለኝ ነበር። ያው የይቅርታ ልመና ነው ብዬ የሱፍ ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ተኛ።

በመጋቢት አነበብኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። “ከወንበሩ ያልተነሣሁት ሰንበትን አክብሬ ሳይሆን አባቴን ፈርቼ ነው። አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ፣ በሚቀጥለው መርከብ እመለሳለሁ” ይላል። አንብቤ ስጨርስ ወጥቼ አለቱ ላይ ተቀመጥኩ። ምሳ መብላቴን እንኳ አላስታውስም።

ጥፋቱ ሁሉ ያንተ ነው ማለት ይጣፍጠኝ ነበር። ግን አይደለም። ልጅ ሳለሁ እንዲህ አምን ነበር፦ እግዚአብሔር ዓሣ አያስፈልገውም፤ በሩቅ ሞቃት አገር፣ በጾሙ ቀን ይህን ዓሣ የሚበላው ሰው ግን ያስፈልገዋል። መልኩን አይቼው አላውቅም። ሆኖም ከሆዱ ጥቁሩን ሽፋን አጥርቼ የምልጠው ለእሱ ነበር፣ ጌታ በማዕዱ እንደተቀመጠ ቆጥሬ። ያን እሑድም የወጣሁት በዚሁ ልብ ነው። የሚቀጥለው እሑድ ግን ሣር እንኳ አይነቃነቅም ነበር፤ እኔ ከጸሎት ቤቱ መስኮት ትይዩ ቆሜ መገልበጥ የማያስፈልገውን ዓሣ ገለበጥኩ። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ እንዲሁ፤ ዓሣ ሲጠፋ እንጨት ፈለጥኩ። ዕድሜዬ በዚህ አለቀ።

አንድ ቀን ራንዲ፣ “እትዬ ኢንገቦር፣ እሑድ እሑድ የሚሠሩት ለማን ነው?” አለችኝ። አርፈሽ ተማሪዎችሽን አስተምሪ ብዬ ዘጋኋት። መልሱ ግን ለቶሌፍ ነበር፤ እሱ እንዲያየኝ። ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ገና እሠራለታለሁ። ሥራ የተሰጠን ሌላውን እንድናገለግልበት ነው፤ እኔ ግን ራሴን አጸደቅሁበት። ዕረፍትም የተሰጠን እኛ ብንቀመጥ ዓለም እንደማይፈርስ እንድናውቅ ነው። ይህን የነገረኝ ሰባኪ አይደለም፣ ወገቤ ነው።

ባለፈው እሑድ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን የት እንደማኖር ጠፋኝ። ዝም ስል አንተ በሐሳቤ መጣህ፤ የአንገትህ የሬንጅ ሽታ፣ ማፏጨት ነውር በሆነበት ደሴት ጀልባ እየቀባህ ስታፏጭ። ለካ ስባክን የኖርኩት ይህ ትዝታ እንዳይደርስብኝ ኖሯል።

ኤሊንግ፣ ና።

ሐሙስ መርከብ አለ። ስትወርድ ቀጥታ ወደ እኔ አትምጣ፤ መጀመሪያ ማልፍሪድን ሰላም በል፣ ያሳደገችህ እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ክፉ ነኝ፤ ከመሬት ተነሥቼ እቆጣለሁ፤ ይህን ዐውቀህ ና። ድንች እቀቅላለሁ። የለመድኩት ለአንድ ሰው ስለሆነ መጠኑን እስታለሁ። ካነሰ፣ እኔ ጠግቤያለሁ እልሃለሁ። አትመነኝ።

ያንተ፣
ኢንገቦር