የፀሐይ ፍሪጅ በክረምት

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ይሠራል። ጠዋት ስከፍተው ቴርሞሜትሩ አራት ላይ ነበር። ደግሜ ከፈትኩት፤ አሁንም አራት። ሦስተኛ ልከፍት ስል ዘበኛችን አያ ሞላ «እታለም፣ እንዲህ ስትከፍችው እኮ ይሞቅብሻል» ብለው ተቆጡኝ።

አምና የላምባ ፍሪጅ ነበረን። ላምባ ከቡሬ ሲጠፋ ፍሪጁ ቆመ፣ ክትባቱ ተበላሸ። ከክሊኒኩ ጀርባ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኩት። በወሩ ኩፍኝ ገባ። ስለዚያ ጊዜ መጻፍ አልፈልግም።

አሁን ጣሪያችን ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነገር ተሰቅሏል። ሰዉ «የፀሐይ መስታወት» ብሎታል። ከፀሐይ የሚያገኘውን ወደ አራት ባትሪዎች ይልካል፣ ባትሪዎቹ ፍሪጁን ያሠራሉ። የሰቀለው ባለሙያ «ደመና ቢሆንም ጥቂት ቀን ያቆያል» ብሎኝ ሄደ። ጥቂት ማለት ስንት እንደሆነ ሳልጠይቀው መኪናው ተነሳ።

አያ ሞላ አላመኑበትም። «ቡሬን የሚያህል ከተማ በሞተር ያልሆነለትን እኛ በመስታወት?» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። የቡሬ ሞተር ናፍጣ አጥቶ ከቆመ ሰንብቷል። የፍኖተ ሰላሙም ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚነሳው። መብራት ከጢስ ዓባይ በሽቦ ይመጣል ሲባል ደምበጫ ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ እሰማለሁ።

ዛሬ የኩፍኝ ክትባት ከፍኖተ ሰላም ደረሰልን። ሹፌሩ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ከመስቀል በፊት እንደማይመለስ ነገረኝ። ይሄ ከተበላሸ ሌላ የለም ማለት ነው። ለሩፋኤል ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሰበሰብ ልጆቹን ሁሉ አንድ ላይ ልከትብ አስቤአለሁ። ሳምንት ብቻ ይቆይልኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

ደመና። ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ጥላዬን አላየሁም።

ጥሩዬ ልጇን አዝላ ከፈጣም ወንዝ ማዶ መጣች። ወገኖቿ አዊዎች ናቸው፤ አማርኛውንም አገውኛውንም ትናገራለች። ወንዙ ሞልቶ ባሏና ወንድሟ በመሀል ይዘው ነው ያሻገሯት። እስከ ደረቷ እርጥብ ናት፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ግን ደረቅ ነው። የበኩር ልጇን አምና በዚያ የኩፍኝ ወር ቀብራለች።

«ጎረቤቴ ቤት ሁለት ልጆች ዐይናቸው ቀልቷል፣ ያስላቸዋል። ያው እሱ ነው፣ አውቀዋለሁ» አለችኝ። ልጇን ፈትታ አወረደችና «ይሄን አሁን ውጊልኝ» አለች።

አንድ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ነው የሚሆነው። አንዴ ከተከፈተ የተረፈው በዕለቱ ይደፋል። ለአንድ ልጅ ብዬ የብዙውን ልድፋ? «ሰኞ ለሩፋኤል ይዘሽው ነይ፣ እስከዚያ ጠብቂ» አልኳት። «እንዳልሽ» ብላ አዝላው ሄደች።

ደንቡን ነው የተከተልኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ቴርሞሜትሩ አምስት። ደህና ነው። ከስምንት ማለፍ የለበትም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ይርሳው ከሰዓት በኋላ መጣ። ፍሪጁን አልጠየቀኝም፤ በቀጥታ ወደ ባትሪዎቹ ሄዶ ቁጢጥ ብሎ አያቸው። ቅዳሜ ከአውራጃ ካድሬ ይመጣል፣ ትልቅ ስብሰባ አለ። የድምፅ ማጉያው በቡሬ ጄነሬተር ይሠራ ነበር፣ ናፍጣ ግን የለም።

«ባትሪዎቹን ለአንድ ቀን ነው የምፈልጋቸው» አለኝ።

ምን እንደሚያሠሩ አስረዳሁት። አምናን አስታወስኩት። እሱ ራሱ መቃብር ቆፋሪ ጠፍቶ አካፋ ይዞ የወጣ ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፣ ከዚያ «ነገ እልካለሁ» ብሎ ወጣ።

አርብ፣ ነሐሴ 30

ጓድ ይርሳው ጠመንጃ የያዙ ሁለት ታጣቂዎች ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የምናገረውን ከጠዋት ጀምሮ ሳዘጋጅ ውዬ ሰዉን ሳየው ጠፋኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ የሕፃናት ነው» አልኩት።

ታጣቂዎቹን ወደ ኋላ ትቶ ተጠጋኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ታዝዤ ነው። ማጉያው ካልጮኸ ‘ስብሰባ አደናቀፈ’ ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንቺም ከዚህ የባሰ ስም እንዳይሰጥሽ» አለ። ምን ዓይነት ስም እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያ ስም ቡሬ ታስሮ ያልተመለሰ ሰው አለ።

አያ ሞላ ያኔ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ ይርሳው፣ አራቱንም ከምትወስድ ሁለቱን ተውላት» አሉት። አባቱን የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ፊታቸው ላይ እምቢ ማለት አልቻለም። ሁለቱን ወሰደ። የቀሩትን ባለሙያው እንዳሳየኝ መልሼ አያያዝኩ፤ ብሎኑ ደጋግሞ አመለጠኝ።

ፍሪጁ ድምፅ ሰጠ። ስድስት።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1

ዝናብ ከንጋት ጀምሮ። ፍሪጁ ስድስት ተኩል። ከሰዓት በኋላ ሰባት።

የማጉያው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል። ባትሪዬ ነው የሚጮኸው እያልኩ አዳመጥኩት። መፈክር፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ረጅም ንግግር። በመጨረሻ ወጣቶች ለውትድርና ተመዘገቡ። አያ ሞላ ስብሰባው ላይ ነበሩ። ሲመለሱ «ሰው ከእንግዲህ ለሩፋኤልም አይሰበሰብልሽም። መሰብሰብ ማለት ልጅ ማስወሰድ ነው ብሎ ፈርቷል» አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት ነገር ሁሉ ፈረሰ። ሰኞ ማንም አይመጣም። ቢመጣም ክትባቱ እስከ ሰኞ መድረሱን እንጃ። በሽታው ደግሞ ማዶ ነው ያለው።

ነገ እኔው እሻገራለሁ። ግማሹን ክትባት ፍሪጁ ውስጥ ካለው በረዶ ጋር በክትባት መያዣው ሳጥን እይዛለሁ፣ ግማሹ እዚሁ ይቆያል። ፍሪጁን ማንም እንዳይከፍት ለአያ ሞላ ነግሬአለሁ። ዋና አልችልም። ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

እሁድ፣ ጳጉሜ 2

በሕይወት አለሁ። ጣቶቼ ገና እንደደነዘዙ ነው የምጽፈው።

የጥሩዬን ባል ከቅዳሴ ሲወጣ አግኝቼ እንዲያሻግረኝ ለመንኩት። ወንድሟንና ሌሎች ሁለት ሰዎች ጨምሮ ወንዙ ዳር ጠበቀኝ። ሳጥኑን ከሁሉም ረዘም የሚለው ራሱ ላይ አደረገው። እኔን በመሀላቸው ያዙኝ። መሀሉ ላይ እግሬ መሬት ለቀቀ። ውሃው አገጬ ስር ነበር። ባሏ «ወደ ውሃው አትዪ፣ ዛፏን እያት» ይለኛል። አንዲት ግራር ነበረች፣ እሷን አየሁ። የማስበው ስለ ራሴ አልነበረም ብል ውሸት ነው።

መንደሩ ስንደርስ ወንዶቹ ሳጥን የተሸከመ ሰው አይተው ወደ ጫካው ሸሹ። መዝገብ የያዘ የመንግሥት ሰው መስሏቸዋል። ጥሩዬ ከቤቷ ወጥታ መጀመሪያ በአገውኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ጮኻ ተጣራች። «የልጆች መርፌ ነው፣ ማንንም አይወስዱም» ነበር ያለችው። እናቶቹ አንድ በአንድ ወጡ።

ስትቀበለኝ አልወቀሰችኝም። ከጎረቤቷ ልጆች ትንሿ አርብ ዕለት እንዳረፈች ብቻ ነገረችኝ። ከዚያ ልጇን ከሁሉም በፊት አምጥታ ክንዱን ገለጠችልኝ።

በረዶው ቀልጦ ከማለቁ በፊት ጨረስኩ። አንድም ብልቃጥ ሳይከተብበት አልተደፋም።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ጸበል ነው ተብሎ ሕፃናቱ ራቁታቸውን ይዘሉበታል። ሰው ሁሉ ዝናብ ሲለምን እኔ ብቻ ፀሐይ እለምናለሁ። ደስ አይልም።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠረጴዛ ዘርግቼ ዋልኩ። የቄሱ ሚስትና ሁለት አሮጊቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ሌላው ዳር ዳሩን አልፎ ሄደ። አያ ሞላ እንዳሉት ሆነ።

ባትሪዎቹ ተመለሱ፣ ባዶአቸውን። ያመጣቸው ታጣቂ ወረቀት ሰጠኝ፤ ከበዓሉ በኋላ ቡሬ ቀርቤ ያለ ፈቃድ ወንዝ ስለመሻገሬ እንዳስረዳ ይላል። ፍሪጁ ሰባት ተኩል።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ረፋድ ላይ ደመናው ተሰነጠቀ። አያ ሞላ መሰላል ተደግፈው ወጥተው መስታወቱን በነጠላቸው ጠረጉት። «እስቲ ይብላ» አሉ። ማታ ፍሪጁ ስድስት ነበር።

ደስታዬ ግን አልቆየም። የጥሩዬ ወንድም መጥቶ የእህቱን ልጅ እንዳተኮሰው ነገረኝ። ከክትባቱ ነው እንዳልል፣ እሱ የሚያተኩሰው ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ቀኑ ገና ነው። ኩፍኙ ቀድሞ ይዞት ከሆነ ግን ጥፋቱ ያን ማክሰኞ ሳልወጋው እናቱን መመለሴ ነው። ያን ቀን ብወጋው ኖሮ የሚለውን ሐሳብ ልጥለው አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 5

በጠዋት ተሻገርኩ። ውሃው ትንሽ ጎድሏል።

ዐይኖቹን በመስኮቱ ብርሃን አየሁ፤ ነጭ ናቸው። አፉን ከፈትኩ፣ ምንም ነጠብጣብ የለም። አይስልም። ኩፍኝ አይደለም፣ ጆሮው ነው፤ መግል ይዟል። ለጆሮ መድኃኒት አለኝ። ጥሩዬ ፊቴን ስታጠና ቆይታ «ተናገሪ እንጂ» አለችኝ። ስነግራት መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጁ ጡቷን ይዞ ጠባ፤ ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም እሱን ስናይ ቆየን።

ስመለስ ከክሊኒኩ ግድግዳ ሥር እናቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ። ሰኞ ዳር ዳሩን ካለፉት ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። ማዶ ተሻግሬ ማንንም ሳላስወስድ መመለሴን ሰምተዋል። ከመካከላቸው የጓድ ይርሳው ሚስትም አለች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ከመጨረሻው ተቀምጣለች።

ፍሪጁን ከፈትኩ። አምስት። ክትባቱ ያልተበላሸ ይመስለኛል፤ ከሰባት ተኩል በላይ አልወጣም። እርጥብ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ጀመርኩ።

ቡሬ ቀርቤ ምን እንደምል እስካሁን አላውቅም። እነዚህ እናቶች ግን ዛሬ መጥተዋል።