ዘጠነኛው ሰውዬ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሳልህስ ተወህ? ወደብ ላይ ከባድ ዕቃ ስታነሣ ወገብህን ታስራለህ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጽሑፉ የተንጋደደው ራሴ ስለጻፍኩት ነው። እስከ ዛሬ የደረሰህን ሁሉ የሚጽፉልኝ ፖስታ ቤት ደጅ የሚቀመጡት ሰውዬ ነበሩ፤ እኔ አንድ ነገር ስናገር እሳቸው ሌላ አሳምረው ይጽፋሉ። ደግሞስ በሰው ፊት ስንቱ ይነገራል? አሁን መሠረተ ትምህርት ጨርሼ ሠርተፊኬቴን ከፎቶህ ጎን ሰቅያለሁ። አትሳቅ።

ይህን የምታደርስልህ ቢሻሮ ናት፣ ያቺ በባቡር እየተመላለሰች የምትነግደው ጎረቤታችን። እናትህ ከስታለች ብላ ብትነግርህ አትስማት፤ ጾም ገብቶ ነው። እሷ እስላም ስለሆነች የኛን ጾም አታውቀውም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ትሰጥሃለች። ውስጡ የማስቲካ ሥዕሎችህ አሉ፣ እነዚያ ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካ ጨዋታ የሚጫወቱት ሰዎች። ማስቲካው አዲስ ሆኖ ሳለ ሥዕሉን ሆን ብለው ያረጀ አስመስለው ቡናማ ያደረጉት፣ ሰዎቹንም የድሮ ሱሪ ያስታጠቋቸው። ጨዋታውን ከመካከላችን የሚያውቅ ስላልነበረ ሥራ የሰጠናቸው እኛ ነን። ዱላ የያዘውን ዘበኛ አልነው፤ ሊወረውር እጁን ወደ ኋላ የሰበቀውን የጀልዴሳ ማሽላ ጠባቂ አልነው። ዘጠነኛው ግን ጠፋ። በየሥዕሉ ጀርባ ዘጠኙም አብረው አነስ አነስ ብለው ስለሚታዩ መኖሩን እናውቃለን፤ ያ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በብረት ጭንብል የሸፈነው። አባትህ አንድ ቀን ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ሲመለስ አይቶት፣ ይሄ እንኳ የሙያ ባልደረባዬ ነው፣ በያጅ ነው፣ ያለህን መቼም አትረሳውም። እሱ ካረፈ በኋላ ጥርስህን እስኪያምህ ማስቲካ ማኘክ ሆነ ሥራህ። እኔም አልከለከልኩህም፤ የምትፈልገው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር።

በጥቅምት የላክኸው ደብዳቤ ያለ ሰው እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነው። ለቁልቢ ገብርኤል ከተሳላሚው ጋር ተደባልቄ እመጣለሁ፣ አንቺንም አይቼ ሥዕሎቼንም ይዤ እመለሳለሁ ይላል። ደስ ብሎኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ፈራሁ።

ልጄ፣ አትምጣ። የወይዘሮ ተሻለች የመጨረሻ ልጅ ከቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ገዝቶ ሲመለስ ለውትድርና አፈሱት። ሽንኩርቱን ለእናቱ ያመጣላት የማናውቀው መንገደኛ ነው። ሁርሶ ማሠልጠኛው ድረስ ልብስ ይዛለት ሄዳ ሳታየው ተመለሰች። አሁን ማንም ወጣት ልጅ ያለው ሰው ውጭ የእግር ኮቴ ሲሰማ ምግቡን ያቆማል።

ስለዚህ መምጫ ምክንያት ላሳጣህ ተነሣሁ። ቢሻሮን ፊቱን የሸፈነ ሰው ፈልጊልኝ ብላት፣ አቦ አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ነገሩን ሳስረዳት ግን ጅቡቲ ያሉትን የእህቷን ልጆች ሥዕል ሁሉ አስፈተሸች። አንደኛው ሁለት በያጅ ነበረው። እኛ ደግሞ ሁለት ዘበኛ ነበረን፤ ተለዋወጥን። አንተ ጅቡቲ ተቀምጠህ ያጣኸውን እኔ ድሬ ተቀምጬ አገኘሁት። ቢሻሮ፣ ልጆቹ ሰውዬው በያጅ አይደለም፣ ኳስ ቀላቢ ነው ይላሉ አለችኝ። እኔ ግን አይቼዋለሁ፤ እጁ ላይ ያ ትልቁ የቆዳ ጓንት አለ። በያጅ ነው።

ስለ እኔ አታስብ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄደሽ ታዪ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ማን ይንገላታል ብዬ ተውኩት። ጓደኛዬ ዘነበች ሰሞኑን እኔ ጋ ነው የምታድረው፤ ቀሚሶቼንም አጥብባልኛለች፤ የቤቱንም ቁልፍ ሰጥቻታለሁ። መሠረተ ትምህርት አብረን ነው የጨረስነው፤ የእኔ ደብዳቤ ከዘገየ እሷ ትጽፍልሃለች። የእሷ ሲደርስህ ብቻህን ሆነህ አታንብበው፤ ቢሻሮ አጠገብህ ትቀመጥ። ያን ጊዜም ቢሆን አትምጣ።

አትምጣ ማለቴ ሳትናፍቀኝ ቀርተህ እንዳይመስልህ። ባቡሩ በገባ ቁጥር እስካሁን በር ላይ እወጣለሁ፤ እንደማትመጣ እያወቅሁ እወጣለሁ።

ዘጠኙም ተሟልተዋል፣ ቁጠራቸው። የበያጁ ጫፍ ትንሽ ታጥፏል፤ ከመላኬ በፊት ጥቂት ቀን ትራሴ ሥር ስላቆየሁት ነው። እንግዲህ እዚህ የቀረህ ዕቃ የለም።

ቁልቢ ገብርኤል በሄድክበት ይከተልህ። እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ። ዘርህን ያብዛልህ፤ ልጅህ ማስቲካ ሲያኝክም አትቆጣው።

እናትህ