ስም የሌላት ተማሪ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዘጠነኛ ለ፣ እኩልታ። ጠመኔው ይሰባበራል፣ ልጆቹ ያዛጋሉ… የተለመደ ቀን። አዲስ ነገር ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ጥናተኛ ናት። ተማሪዎች ሒሳብ ለመማር ምን እንደሚያነሳሳቸው ታጠናለች አሉ። ማን እንዳዛጋ፣ ማን በመስኮት እንዳየ ትጽፋለች።

«የፈተና ውጤታቸው አለልሽ፤ እሱን አትወስጂም?» አልኳት።

«ቁጥሩ ለምን እንደሆነ አይነግረኝም፣ መምህር። ከራሳቸው አፍ ልስማ ብዬ ነው።»

ለሒሳብ መምህር ቁጥር አይናገርም ትለዋለች! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ልጄን ለቃለ መጠይቅ ጠራቻት። የራሴን ልጅ! ርእሰ መምህሩን ለምኜ ነው እኔ የማስተምርበት ክፍል ያስገባኋት። ማን እንደኔ ይከታተላታል? ፈቃዱን የፈረመችው እናቷ ናት… ሳትነግረኝ።

«ምን አልሻት?»

«ምንም፣ አባዬ።»

ምንም ለማለት ያን ያህል ሰዓት?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነው የምጽፈው።

የመምህራን ስብሰባ ነበር። ጥናተኛዋ «የማንም ስም አልተጠቀሰም» ብላ ጀመረች። ከዚያ የአንዲት ተማሪ ቃል አነበበች፦

«መልሱን አውቀዋለሁ፤ እጄን ግን አላወጣም። ካገኘሁት ‹አባቷ ቤት ነግሯት ነው› ይሉኛል። ከሳትኩት ደግሞ እራት ላይ ይነሳብኛል።»

ስም የለም! እዚህ ትምህርት ቤት አባቷ ሒሳብ የሚያስተምራት ስንት ልጅ አለች? የባዮሎጂው መምህር አቀረቀረ። የስፖርቱ ሳሉን ዋጠ።

በር ላይ ያዝኳት። «አዋረድሽኝ!»

ደነገጠች። «ስሟን ከደበቅኩ የሚበቃ መስሎኝ… ጥፋቱ የኔ ነው። የማዝነው ግን ለእሷ ነው።»

ለእሷ! ለኔስ?

እራት ላይ አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። እውነት አነሳባታለሁ? እናቷን አየኋት። እሷ ሳህኗን አየች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ልጄ ዘጠነኛ ሐ ተዛወረች። ራሷ ጠይቃ። የነገረኝ ርእሰ መምህሩ ነው… ቤቴ ውስጥ የመጨረሻው ሰሚ እኔ!

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ጥናተኛዋ ኮሪደር ላይ ሰላም አለችኝ። አልመለስኩም። አልመልስምም።

ማታ ስገባ ከወጥ ቤት ሳቅ ሰማሁ። ልጄ ናት፤ ለእናቷ ታወራለች። «…ሰሌዳ ላይ ወጥቼ የምቀንሰውን ደመርኩልሽ! ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እማ… እኔም ሳቅኩ!»

ተሳስታ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ፊት የምታለቅስ ልጅ…

ገባሁ። ሳቁ ተቋረጠ። ልጄ ቧንቧውን ከፍታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

የረሳሁት ዕቃ ያለ አስመስዬ ወጣሁ። ሳቁ ከኋላዬ ቀጠለ።