ከሥር የተሰፋ ጣሪያ

ለምወድሽ እናቴ፣

የአላህ ሰላም በአንቺም በቤትሽም ላይ ይሁን። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ወራቤ ዘንቧል ብለውኛል፤ እንሰቱ እንዴት ያዘልሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የምበላውም ደህና ነው፤ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ።

ይህን በስልክ መንገር አልቻልኩም። ስለ ሆድሽ ሳነሳ ኔትወርኩ ይጠፋል። ስለ ሰርግ ስናወራ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ጻፍኩ። ለወንድሜ ለኑሪ አታስነብቢው። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው።

ባለፈው ማክሰኞ፣ እዚህ ቃሊቲ፣ ለአንዲት እናት ቀዶ ጥገና አደረግኩላቸው። ወይዘሮ አለሚቱ ይባላሉ፤ አቃቂ በሰቃ ሽንኩርት ይሸጣሉ። ሲወልዱ የተሰፋው ሆዳቸው ከውስጥ ተከፍቶ አንጀታቸው በቀዳዳው ብቅ ይል ነበር። ቡአ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመቀነት አጥብቀው ደበቁት። አሁን ጆንያ ማንሳት አቃታቸው። ዳግመኛ ሆዴን ከምትከፍቺው በመቀነት ታስሬ ብኖር ይሻለኛል አሉኝ። ያንቺን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። በካሜራ እንደምሞክር፣ ካልሆነልኝ ግን መክፈቴ እንደማይቀር ነገርኳቸው። መቀነታቸውን አጥብቀው፣ እንግዲያው ይሁንልሽ አሉኝ።

የምንገባው በሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ሆዱ በአየር ይነፋል፤ የተቀደደው ቦታ ከላይ እንደ ጣሪያ ይሆናል። ከሥር ወደ ላይ መስፋት። የድሮው የመርፌ መያዣ መሣሪያ እንደ ኪሮሽ ግትር ነው፤ ጫፉ ወደ ጣሪያው አይዞርም። በእሱ ሁለት ጊዜ አቅቶኝ ከፍቻለሁ። አልነገርኩሽም። አዲሱ ግን አንጓ አለው፤ እጄን ስጠመዝዝ ጫፉ ውስጥ አብሮ ይታጠፋል። ሁለት ወር ስፖንጅ ላይ ተለማመድኩበት። ስፖንጅ አይደማም። አያምንሽምም።

መርፌው አንዴ አመለጠኝ። ደግሞ አመለጠኝ። አለቃዬ ዶክተር ተሰማ ሰዓቱን አየ፤ ሦስተኛው ካልያዘ ክፈቺ አለ። ችግሬን ያወቀችው ነርሷ ዳሲቱ ናት። ዶክተር፣ ጆንያ የተሸከምሽ ይመስል ትከሻሽን ምን ሰቀለው፣ አውርጂውና እጅሽ ይሥራ አለችኝ። እውነቷን ነው። በግትሩ ስሠራ ኖሬ በትከሻዬ መግፋት ለምጃለሁ። አወረድኩት። የእጄን አንጓ ብቻ አዞርኩ። ጫፉ ታጠፈ። መርፌው ጣሪያው ውስጥ ገባ፣ በወዲያኛው በኩል ወጣ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ጠርዝ ከጠርዝ ሲገጥም በስክሪኑ አየሁት። ስፌቱ ዳግም እንዳይለቅ የሚደግፈውን መረብ ከሥሩ አነጠፍን። ተሰማ ወጥቶ ለሁላችንም ሻይ አዘዘ።

በማግስቱ ወይዘሮ አለሚቱን ቆመው አገኘኋቸው። እጃቸው እብጠቱን ይፈልጋል። የት ወሰድሽብኝ አሉኝ። ቀጥለው፣ ከጠዋት ጀምሮ አፍኜዋለሁ፣ ማስነጠስ ይፈቀድልኛል ወይ ብለው ጠየቁ። ትራስ ሆዳቸው ላይ አስይዤ ፈቀድኩ። አስነጠሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ምንም አልወጣም። ክፍሉ በሙሉ ይማርዎት አለ፤ እሳቸውም፣ ካላችሁ አንድ ልጨምር አሉ። ኮሪደር ወጥቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። አሸነፍኩ፣ እማ። ቃሉ ከበዛ ይቅር በዪኝ። አሸነፍኩ።

ልጅ ሳለሁ ገላሽን ስትታጠቢ መቀነትሽን ፈተሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ታዞሪ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ። እስካሁን።

ለዛሬ ሦስት ሳምንት የቀዶ ጥገና ተራ አስይዤልሻለሁ። ልጅ ለእናቷ ቀዶ ጥገና አታደርግም፤ የሚያደርግልሽ ተሰማ ነው። እኔ እንቅልፍ እስኪወስድሽ እጅሽን እይዛለሁ። ለኑሪ ልትጠይቂኝ እንደምትመጪ ብቻ ንገሪው። ሳሪስ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ።

ካርድሽን ራሴ ሞላሁት። ከዚህ በፊት የተደረገ ቀዶ ጥገና፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የሚል መስመር አለው። ነግረሽኝ አታውቂም፤ አሁንም አልጠየቅኩሽም። 1985 ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ትንሽ ቆየ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ወገብሽን ያለ መቀነት ያቁምልኝ። አሚን በዪ።

በሰማንያ አምስት የወለድሽኝ፣
ልጅሽ