የምልክት ሰጪያችን የጋሽ ቀስ በሉ ዕረፍት

የማንሻ መሣሪያ ሠራተኞች ማኅበር አንጋፋ አባሉንና የመጀመሪያውን ምልክት ሰጪ፣ ሁላችንም «ጋሽ ቀስ በሉ» እያልን የምንጠራቸውን ባልደረባችንን ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በሞት ተነጥቋል። ያረፉት በመኖሪያ ቤታቸው፣ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ነው። ማኅበሩ የተሰማውን መሪር ሀዘን ለአባላቱና ለሕዝብ ሲገልጽ ቃላት እያጠሩት ነው።

ለማያውቅ ለማስረዳት ያህል፣ ባለ ሰንሰለት ክሬን የሚያንቀሳቅስ ኦፕሬተር ጭነቱ የሚያርፍበትን ቦታ ከጋቢናው ሆኖ ብዙ ጊዜ አያየውም። የሚያየው መሬት ላይ የቆመ የአንድ ሰው እጅ ነው። ያ እጅ አንሳ ሲል ያነሳል፣ ቁም ሲል ይቆማል፤ የማያውቀውን ምልክት ካየ ግን ንቅንቅ አይልም። ጋሽ ቀስ በሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያ እጅ ነበሩ።

በድልድዩ ሥራ ዘመን ወንዙ ማለዳ ማለዳ ጉም ይተፋ ነበር። የክሬኑ ክንድ እስከ ግማሹ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ውጦታል። ከታች ሰውየው ራሳቸው አይታዩም፤ ሁለት ቢጫ ጓንቶች ብቻ በነጩ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ጓንቶቹ ከደበዘዙ ሥራ ይቁም የሚለውን ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው። አለቆች ቢቆጡም ጉሙ እስኪገፈፍ ሁሉም ቁጭ ይል ነበር።

ሆስፒታሉ በተገነባበት ክረምት፣ ክሬኑ ከሚሄድበት የብረት ሰንሰለት ሥር መሬቱ ሲላወስ ቀድመው አይተው ሥራውን አስቁመዋል፤ የእንጨት ንጣፉም እንደገና እንዲነጠፍ አድርገዋል። በዚያ ቀን ከሥር የነበሩ ባልደረቦቻችን ከቀባሪዎቻቸው መካከል ነበሩ።

ጡረታቸው ከደረሰ በኋላ ማኅበሩ ቤታቸው እንዲያርፉ ቢለምናቸው እምቢ ብለው የሥራ ሜዳው ላይ ቀሩ። እኛም «ለሥራ ፍቅር» ብለን ሸለምናቸው።

የክሬኑ ኦፕሬተር ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ሁለቱ የአባታቸው ቤት በመሸጡ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመታት አልፈዋል። ቀኑን ሙሉ አንዱ በእጅ ሲጠቁም ሌላው በዝግታ ሲያነሳ ውለው፣ ማታ ቃል ሳይተነፍሱ በየፊናቸው ይወጣሉ። «ከታረቁማ ወሬ ይዘው ሥራ ያስፈቱናል» እያልን እንቀልድ ነበር፤ ይቅር ይበለን። የቤተሰብ ጉዳይ በመግለጫ አይጻፍም፤ እንዲጻፍ የጠየቁን ኦፕሬተሩ ራሳቸው ናቸው።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ጋሽ ቀስ በሉ ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው አጣመሩ፤ ሁሉም ይዘጋ ማለት ነው። ክሬኑ ተዘጋ። እሳቸው ግን ከቦታቸው አልሄዱም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አቧራው ሁሉ ወርቅ መስሎ ነበር። በዚያ መካከል ጓንታቸውን አውልቀው፣ ባዶ እጃቸውን ወደ ጋቢናው ዘርግተው «ና» ብለው ጠቀሱ። ኦፕሬተሩ አልወረዱም። ይህ የሥራ ምልክት አይደለም ብለው ለራሳቸው እንደነገሩ፣ ጥሪው ግን በደንብ ገብቷቸው እንደነበር ለማኅበሩ ተናግረዋል። ሲነጋ ታላቅ ወንድማቸው የሉም።

ኦፕሬተሩ ቀብሩን ከሩቅ ቆመው ተከታተሉ። ከዚያ ወዲህ የሀዘኑ ቤት በር ድረስ እየሄዱ ይመለሳሉ፤ ለመግባት ምን ፊት አለኝ ይላሉ። አንጀታችንን ስለበሉን ተወካዮቻችን ወደ ሟች ባለቤት ሄደው ይግቡ ወይ ብለው ጠየቁላቸው። ስለ ሽልማቱም ብናነሳ ባለቤታቸው አረሙን። ቃላቸውን እንዳለ እናቀርባለን፦

«የምን የሥራ ፍቅር? ቤት ከዋልኩ ወንድሜን የት አየዋለሁ እያለ ነው የቀረው። ይግባ። ሲናፍቀው የኖረውን ሰው እኔ ከበር አልመልስበትም።»

ስለሆነም ማኅበሩ መጽናናትን የሚመኘው በቅድሚያ ለታናሽ ወንድማቸው፣ ቀጥሎም ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ነው። ኦፕሬተሩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ወንድማቸው ቤት ይገባሉ። ደጃፉ ላይ ብቻቸውን እንዳይቆሙ፣ አባላት ቀደም ብላችሁ እንድትገኙ ማኅበሩ ይለምናል።